«ሀገር እየታመሰች ምን ጨዋታ አማረህ?»

ውጭ ሀገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ «የአለቃ ገብረ ሐናን ቀልድ በሥዕል ልሥራ፣ ንግሥተ ሳባን አሻንጉሊት ላድርጋት» ቢል የሚጠብቀው መልስ የታወቀ ነው፦ «ሀገር እየታመሰች ምን ጨዋታ አማረህ?» ጥያቄው የሐዘን ልብስ ስለለበሰ ክርክር ይመስላል። በተለይ ጄኔቫና ዙሪክ ላይ ሲነሣ ያስገርማል፤ መልሱ ያለው እዚያው ከተማ ውስጥ ነውና።

ሁጎ ባልና ኤሚ ሄኒንግስ ዙሪክ ውስጥ በሽፒገልጋሰ ቁጥር 1 ካባሬት ቮልቴርን የከፈቱት ፌብሯሪ 5 ቀን 1916 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያው ወር የቬርደን እልቂት ጀመረ። ሁለቱ ከጀርመን፣ ትሪስታን ጻራና ማርሴል ያንኮ ደግሞ ከሩማንያ የመጡ ነበሩ። የእነሱስ አህጉር ይነድ አልነበረምን? ያንኮ ግን ከካርቶን ጭምብል ሠራ፤ ጓደኞቹ ጭምብሉን ባጠለቁ ቁጥር እግራቸው በሌላ ዓይነት ይረግጥ ጀመር። ዳዳ የሚባለው ነገር ያደገው እንዲህ አንዱ በሌላው ሥራ ሲጫወት ነው።

በ1918 ሶፊ ቶይበር የካርሎ ጎዚን ተረት ይዛ ለ«አጋዘኑ ንጉሥ» ቲያትር 17 የእንጨት አሻንጉሊቶች ሠራች። ጨዋታው የዙሪክን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ጠብ ያላግጥ ነበር፤ «ዶክተር ኮምፕሌክስ» የሚባል ገጸ ባሕርይ ሳይቀር አለበት። ጦርነቱ አላለቀም፣ የኅዳር በሽታ ያልነው ወረርሽኝም አውሮፓን እያዳረሰ ነበር። ዛሬ አሻንጉሊቶቹ በዙሪክ ሙዚየም እንደ ቅርስ ይጠበቃሉ።

በጄኔቫ ደግሞ የአካዳሚው የንግግር ጥበብ መምህር ሮዶልፍ ቶፕፈር አለ። ተማሪዎቹን ለማሳቅ የሞነጫጨራቸው የሥዕል ታሪኮች የዛሬው ኮሚክ አባት አሰኝተውታል። በፋውስት ስም የቀለደበት «ዶክተር ፌስቱስ» ፋውስትን ራሱን በጻፈው በጎተ እጅ ገባ። ሽማግሌው አልተቀየመም፤ በሳቅ አገላበጠው፣ አደነቀውም። የእኛ ታላላቆች ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?

«የአባቶችን ነገር ማቃለል ነው» ይላሉ። እስቲ ወደ አባቶች እንሂድ። አለቃ ገብረ ሐና ቀልደኛ ብቻ አልነበሩም፤ ሊቅ ነበሩ። እንደሚተረከው ከጣና ሞገድ አይተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። ጎንደሮች «ይህ ደግሞ ከየት መጣ» ብለው ገፉት፤ ደብረ ታቦር ተቀበለው፤ ልጃቸው ተክሌ አስተማረው። ተክሌ አቋቋም ዛሬ በልጁ ስም ይጠራል፣ በየደብሩም በክብር ይዘመማል። ጨዋታን በአባቶች ስም የሚከለክል ሰው የትኛውን አባት ጠይቆ ይሆን? አለቃ ተናገሩት ከሚባለው ቀልድ ስንቱ በስም የለሽ አውጊዎች የተጨመረ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የአዲስ አበባ ሠዓሊያንም የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍለው በጨርቅ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል፤ ያንን «የቱሪስት ሥዕል» ብሎ የሚንቀው ሰው ቶፕፈርን በመጽሐፍ ሲያገኘው ግን ቆሞ ያነበዋል።

ጨዋታ ሁሉ ጥበብ ነው የሚል ማንም የለም። ቶይበር እንጨት ማስተካከል ታውቅ ነበር፤ የዕደ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህርት ነበረች። ባህል ልብስ አልብሶ ቆንጆ ፎቶ ማንሣትማ ጨዋታም አይደለም፣ ሥራም አይደለም።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። በካባሬት ቮልቴር ሪቻርድ ሁልዘንቤክ ከበሮ እየመታ «የአፍሪካ ግጥም» ብሎ ራሱ የፈጠራቸውን ድምፆች ያሰማ ነበር። ቋንቋውን ያላወቀ ሰው በስማችን ሲጫወት ታሪክ ሆነ። ቋንቋውን የሚያውቀው፣ ሰምና ወርቅ የተማረው፣ እዚያው ከተማ እየኖረ መድረክ ሲያገኝ የሚያቀርበው ግን ስለ አክሱም ታላቅነት የተጻፈ ንግግር ነው። ልጆቹ ከኋላ ወንበር ላይ ስልካቸውን ይነካካሉ።

እነዚሁ ልጆች በታኅሣሥ የጄኔቫን የቸኮሌት ድስት ይሰብራሉ። በ1602 በሌሊት የመጣውን የሳቮያ ወታደር ሜር ሯዮም የተባለች እናት የፈላ ሾርባ ከነድስቱ ደፋችበት፤ የድስቱ ነገር ከዚያ ነው። በክፍሉ ትልቁና ትንሹ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመቱታል፤ ከውስጡ በማርዚፓን የተሠሩ ካሮትና ቀይ ሥር ይፈሳሉ። ሪፐብሊኩ ተቃለለ ብሎ የተቆጣ የጄኔቫ ሽማግሌ የለም። የኢትዮጵያዊው ልጅ ቁራጩን በኪሱ ይዞ ወደ ቤት ይገባል፤ ታሪኩንም በፈረንሳይኛ ለእናቱ ይነግራታል።