አሮጌው ሽቦ ይበቃል ወይ?

ዛሬ ስለ ክትባት ወይም ስለ ልጆች ሳል አላወራችሁም። የማወራችሁ ግድግዳችን ውስጥ ስላለው ሽቦ ነው። ነርስ ስለ ኮረንቲ ምን አገባት እንዳትሉኝ፤ በሥራ ዘመኔ በኮረንቲ የተቃጠሉ እጆችን አጥቤ አሽጌያለሁ። እንዲህ ያለው ቁስል ላዩ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይመስላል፤ ውስጡን ግን ጡንቻ ድረስ ሊያበላሽ ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽምብጥ ያለው ቤቴ የመታጠቢያ ውሃ ማሞቂያው አርጅቶ ተበላሸና ልጄ አዲስ ገዝታ ላከችልኝ። ሊገጥምልኝ የመጣውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ "ልጄ፣ ሽቦው ደህና ነው፤ በዚያው ላይ ግጠምልኝ" አልኩት። የሽቦ ዋጋ አስፈርቶኝ ነው።

"ሲስተር፣ መጀመሪያ ዕቃዎቹ ላይ የተጻፈውን ያንብቡልኝ" አለኝ።

መነጽሬን አድርጌ አነበብኩ። የድሮው 1500 ዋት፣ አዲሱ 3500 ዋት ነው። "ለ220 ቮልት ያካፍሉት" አለኝ። የድሮው ወደ 7 አምፔር፣ የአዲሱ 16 አምፔር ያህል መጣ። ዕድሜ ልኬን የመድኃኒት መጠን ሳላነብ ለሕፃን ሰጥቼ አላውቅም፤ የልጅ ልጆቼ በሚታጠቡበት ክፍል ግን ሽቦው ላይ ከእጥፍ በላይ ልጭንበት ነበር።

ልጁ ዋናውን ብሬከር አጥፍቶ፣ ኮረንቲ አለመኖሩን በመፈተሻው አረጋግጦ ከፈተው። ሽቦው ለአምፖል የሚሆን ቀጭን ነው። ልባሱ ጠቁሮ ሲነካ ይሰባበራል። የመሬት ሽቦም የለውም። ስለዚህ ያንን አስነሳሁት። የምጣዱን መስመር ግን ፈትሾ ተወው፤ ወፍራም ነው፣ ልባሱ አልደረቀም፣ የመሬት ሽቦም አለው። አሮጌ ሁሉ አይጣልም፤ ሳይፈተሽም አይታመንም።

እናንተም ምጣድ፣ ምድጃ ወይም የውሃ ማሞቂያ ስትቀይሩ ባለሙያውን እነዚህን ጠይቁት።

ውፍረቱ ስንት ነው? በተለምዶ ባለ 1.5 ለመብራት፣ ባለ 2.5 ለሶኬት፣ ባለ 4 ደግሞ ለምጣድና ለመሳሰሉት ነው። ምጣድ በዲቫይደር ላይ አይሰካም።

ብሬከሩ ከሽቦው ጋር ይመጣጠናል? ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ቶሎ ቶሎ ሲወርድ በትልቅ መቀየር፣ ወይም ባልቦላው ላይ ሽቦ ማሰር፣ ትኩሳቱን ትቶ ቴርሞሜትሩን እንደ መስበር ነው።

የመሬት ሽቦ አለ? ውሃ ባለበት ያለ እሱ ማሞቂያ አይገጠም። ከቻላችሁ ኮረንቲ ሲያፈስ ራሱ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር ብሬከር ጨምሩበት።

መገጣጠሚያዎቹስ? ተጠምዝዞ በፕላስተር የተጠቀለለ ሽቦ ቶሎ ይግላል። እኛ የጣና ዳር ሰዎች ደግሞ ክረምቱን ግድግዳችን እርጥበት ያዘለ ነው፤ አይጥም ከኮርኒሱ በላይ ሥራ አትፈታም።

አደጋ ቢደርስስ? ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትጎትቱት፤ ራሳችሁም ትያዛላችሁ። መጀመሪያ ዋናውን አጥፉ። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት አላቁት። የማይተነፍስ ከሆነ እርዳታ እየጠራችሁ ደረቱን መጫን ጀምሩ። ቃጠሎውን ለ20 ደቂቃ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ አብርዱት፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት። "ደህና ነኝ" ቢላችሁም ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ኮረንቲ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

በሚቀጥለው እንጀራ ስትጋግሩ የምጣዱን ሶኬት እዩት። ከጠቆረ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ ብሬከሩን አጥፉና ባለሙያ ጥሩ። እኔ ለሽቦው የከፈልኩት ገንዘብ ቆጭቶኝ ነበር፤ የልጅ ልጆቼ ታጥበው እየሳቁ ሲወጡ ግን ረሳሁት።

ሰላም ሰንብቱ።