ስለ ዕዳና ስለ ቤት ክብር

ያበደረ ሰው ገንዘቡን መጠየቅ መብቱ ነው፤ የተበደረም መክፈል ግዴታው ነው። በዚህ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን ገንዘብን መጠየቅ ሌላ፥ ሰውን ማዋረድ ሌላ ነው። ዛሬ ከባለትዳሮች ጋራ የምንነጋገረው በሁለቱ መካከል ስላለው ድንበር ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በመዝገብ ቤት ተቀምጠን ስንጽፍ አንዲት እናት ነጠላዋን ተከናንባ ከጠረጴዛችን ፊት ቆመች። ባሏ ከአንድ ነጋዴ 6000 ብር ተበድሮ ሳለ ሥራ ፈታ። የባለገንዘቡ መልእክተኛ ጎሕ ሲቀድ እየመጣ፥ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ የባሏን ስም እየጠራ ይሳደባል። ልጆቿንም ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እየጠበቀ «አባታችሁ ሌባ ነው» ይላቸዋል። በመጨረሻም እንጀራዋን የምታገኝበትን የልብስ ስፌት መኪና አንሥቶ ሄደ። ስለ ምን ዝም እንዳለች ብንጠይቃት «ጌታዬ፥ ዕዳ እያለብን ምን አፍ አለን?» አለችን።

ይህ ቃል እጅግ አሳዘነን። ዕዳ ኪስን ያጐድላል እንጂ አፍን አይዘጋም። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፥ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። በጥንት ዘመን ባለዕዳና ባለገንዘብ በአንድ ሰንሰለት በቁራኛ ይታሰሩ ነበር፤ ያ ዘመን ግን አልፏል። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን፥ ሰው የውል ግዴታውን ለመፈጸም ስላልቻለ ብቻ እንዳይታሰር ይደነግጋል።

በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሠረት፥ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ እንኳ የባለዕዳውና የቤተ ሰቡ አስፈላጊ ልብስ፥ መኝታና የማብሰያ ዕቃ፥ የሙያውም መሣሪያ አይያዝም። ለባንክ በመያዣ የተሰጠ ንብረት የራሱ ሕግ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ግለሰቦች በብድር ውል በዓመት ከ12 በመቶ የሚበልጥ ወለድ እንዳይዋዋሉ ይከለክላል፤ ወለድ ወለድ እንዲወልድ አስቀድሞ መዋዋልም አይጸናም። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም አራጣ፥ ዛቻና ስድብ ያስቀጣሉ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ቤት ምን ያድርግ? አስቀድሞ ዕዳውን አይካድ፤ ባለገንዘቡንም በመልካም ቃል አነጋግሮ በየወሩ የሚችለውን ለመክፈል በጽሑፍ ይስማማ። መልእክተኛው ከደጅ ቢጮኽ ስድብን በስድብ አይመልስ፤ ቀኑን፥ ሰዓቱንና የሰሙትን ጎረቤቶች ስም ይጻፍ፤ በስልክ የመጣውንም ዛቻ ሳያጠፋ ያኑር፤ ይህን ሁሉ ይዞም ለፖሊስ ያመልክት። ከፍርድ ቤት መጥሪያ ቢደርሰው ግን ከቶ አይሸሽ፤ የሸሸ ሰው ነገሩ በሌለበት ይታይበታልና።

ከሁሉ በላይ ያለ ደረሰኝ አይክፈል። ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር፥ መከፈሉም ጭምር፥ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፥ በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም በመሐላ ነው። የዚያች እናት ባል አስቀድሞ 2000 ብር ከእጅ ወደ እጅ ሰጥቶ ነበር። ባለገንዘቡ ካደ፤ ወረቀት አልነበረም። ፍርድ ቤቱ የስፌት መኪናው እንዲመለስ አዘዘ፤ ዕዳው ግን ሙሉ 6000 ብር ሆኖ ተፈረደ።

ሴትዮዋ ባለቀሰች ጊዜ እኛም የምናጽናናበት ቃል አጣን። መኪናዋን ወስዳ እየሰፋች በየወሩ ከፈለች፤ ደረሰኙንም እያንዳንዱን በጨርቅ ጠቅልላ አኖረች። የመጨረሻውን ወረቀት ልታሳየን በመጣች ጊዜ ነጠላዋ ከትከሻዋ ላይ ነበረ፤ ፊቷን አልሸፈነችም።