ፖሊዮ ካልሆነ ምን ያዘው?

ይድረስ ለቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጤና ቢሮ ኃላፊዎች፣ በአሶሳና በክልሉ ሆስፒታሎች ለምታገለግሉ ሐኪሞችና የጤና መረጃ ባለሙያዎች



አንድ ልጅ ድንገት እግሩ ሲዝል ምን እንደሚደረግ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል፤ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ የሰገራ ናሙና ይወሰድና ቅዝቃዜው ተጠብቆ አዲስ አበባ ይላካል። የልጅነት ልምሻን ለማጥፋት የተዘረጋውን ይህን ሥርዓት ከልቤ አከብረዋለሁ። የሚያስጨንቀኝ ውጤቱ «ፖሊዮ አይደለም» ብሎ የመጣ ዕለት ነው። ልጁ አሁንም አልተነሣም። ታዲያ ምን ያዘው?

ፖሊዮ እየጠፋ በሄደበት ዓለም የዚህ ዓይነቱ መዛል ዋነኛ መንስኤ ጊላን ባሬ ሲንድረም ነው። ተቅማጥ ወይም ጉንፋን ካለፈ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ሰውነት ጀርም ሊከላከል ያዘጋጀው ኃይል ዞሮ የራሱን ነርቭ ይመታል። ድካሙ ከእግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከአራት ሕሙማን በግምት የአንዱን መተንፈሻ ጡንቻ ያደክማል። አዋቂውንም አይምርም፤ አዋቂው ግን እንደ ልጁ ፈልጎ የሚያገኘው ክትትል የለውም።

በዓለም በዓመት ከ100 ሺህ ሰው 1 ወይም 2 ይይዛል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ780 ሺህ በላይ ሕዝብ ለነበረው ክልላችን ይህ ቢያንስ ሰባት ስምንት ሰው ነው። ዛሬ ይበልጣል።

ታዲያ በምን ይለያል? የታማሚው ጉልበት በትንሿ የጎማ መዶሻ ሲመታ እግሩ ካልተፈናጠረ አንድ ምልክት ነው። ከጀርባ የተቀዳው ፈሳሽ ፕሮቲኑ ጨምሮ ነጭ የደም ሴሉ ካልጨመረ ሌላ ምልክት ነው፤ ይህን ፈረንሳውያን ሐኪሞች በሁለት ወታደሮች ላይ አይተው የጻፉት በ1916 እ.ኤ.አ. ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ፕሮቲኑ ላይጨምር ይችላልና በአንድ ውጤት ብቻ አታሰናብቱት።

ከሁሉ በላይ ትንፋሹን ጠብቁ። አዋቂ ከሆነ አየር በረጅሙ ይሳብና ድምፁን አሰምቶ በአንድ ትንፋሽ ይቁጠር፤ በበርታኛም ይሁን በጉሙዝኛ። ጠዋት ሠላሳ የቆጠረ ሰው ማታ ሃያ ሳይደርስ ካቆመ አደጋው ደርሷል። አዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ የሪፈር ወረቀቱ መጻፍ ያለበት ከዚያ በፊት ነው።

ካርዱ ላይ «ሽባነት» ብቻ ከተጻፈ ኮድ የሚሰጠው ባለሙያ ከጂ83.9 ሌላ ምርጫ የለውም፤ ዓይነቱ ያልተለየ ሽባነት ማለት ነው። የጊላን ባሬ ኮድ ጂ61.0 ነው። በሪፖርት ያልታየ በሽታ በጀት ሲያዝ ማንም አያነሣውም፤ ውዱ መድኃኒቱ ኢሚዩኖግሎቡሊንም፣ የነርቭ ሐኪምም አይጠየቅለትም።

ስለዚህ ኃላፊዎች ሆይ፣ «ፖሊዮ አይደለም» የሚል ውጤት በደረሰ ቁጥር የልጁ ካርድ እንደገና እንዲከፈት እዘዙ። ሐኪሞች፣ የበሽታውን ስም ሙሉውን ጻፉ። ኮድ ሰጪዎች፣ ካርዱ ግልጽ ካልሆነ ሐኪሙን ሳትጠይቁ አትዝጉት። እናትየው ልጇን አዝላ የመጣችው ምን እንደያዘው ልትሰማ ነውና ንገሯት።