ባለሥልጣን ሲቋቋም ሒሳቡን የሚከፍለው ማን ነው?

አዲስ መሥሪያ ቤት በተቋቋመ ጊዜ ሁሉ ሕዝብ የሚሰማው የአዋጁን መውጣት፣ የሥራ አስኪያጁን መሾምና የሕንፃውን ማማር ነው። መሥሪያ ቤቱ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ በምን ገንዘብ እንደሚተዳደር የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ይህ ጥያቄ በወቅቱ ሳይነሣ የቀረ እንደ ሆነ የኋላ ኋላ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመረዳት፣ በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከተሞችን ከአጎራባች አውራጃዎች ጋር ለማገናኘት የተቋቋሙትን የሕዝብ ማመላለሻ ባለሥልጣኖች ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ ባለሥልጣኖች መቋቋም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ የአሜሪካ ከተማ ነዋሪ ከመኻል ከተማ እየወጣ በዙሪያው ባሉ አውራጃዎች ሰፈረ። በአንዱ አውራጃ የሚያድረው ሰው በሌላው ይሠራል፤ በመካከል ያለውን ድንበር አልፎ የሚሄድ ባቡርና አውቶቡስ ለማቆም ግን የአንድ ማዘጋጃ ቤት ሥልጣን አይበቃም። የግል መኪናም እየበዛ በመሄዱ የግል አውቶቡስ ኩባንያዎች ይከስሩ ጀመር። ስለዚህ ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ የጋራ ባለሥልጣን ማቋቋም ግድ ሆነ። የቀረው ጥያቄ፣ ወጪውን ማን፣ ከየትኛው ገቢ፣ እስከ መቼ ይሸፍነዋል የሚለው ነበር።

የዋሽንግተኑን እንመልከት። የዋሽንግተን ከተማ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ግዛቶች ጋር ተዋውላ የጋራው ባለሥልጣን በ1967 ተቋቋመ። በ1973 አራት የግል አውቶቡስ ኩባንያዎችን ተረከበ፤ በ1976 የምድር ውስጥ ባቡሩን የመጀመሪያ ክፍል በአምስት ጣቢያዎች ከፈተ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሥራው ሲታቀድ ጠቅላላ ወጪው ሁለት ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያህል ይሆናል ተብሎ ነበር፤ 103 ማይል የሚሆነው መሥመር በ2001 ተሠርቶ ሲያልቅ ግን ሒሳቡ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ተጠግቶ ተገኘ።

ይሁን እንጂ ከግንባታው የከበደው ወጪ ሌላ ነው። ለግንባታው አብዛኛውን ገንዘብ የሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ ባቡሩን በየቀኑ ማስኬዱ፣ ሐዲዱን መጠገኑና ያረጀውን ፉርጎ መለወጡ በይበልጥ በሦስቱ ተዋዋዮች ጫንቃ ላይ ወደቀ። ባለሥልጣኑ ግብር የመጣል መብት አልተሰጠውም፤ የቲኬቱም ገቢ ወጪውን አይሸፍንም። በመሆኑም የባቡሩ ጉድለት በሕዝብ ብዛት፣ በጣቢያዎች ቁጥርና በተሳፋሪው መጠን እየተሰላ ለሦስቱ ይከፋፈላል፤ እነርሱም በየዓመቱ ከየበጀታቸው ይመድቡለታል። ከትምህርት ቤት፣ ከፖሊስና ከሆስፒታል ጋር በየዓመቱ የሚሻማ በጀት ሲያጥር ቀድሞ የሚቀነሰው ጥገና ነው፤ የዘንድሮው ጥገና ቢቀር ባቡሩ ዘንድሮ መሄዱን አያቆምምና።

ዕዳው ግን አልተሰረዘም። በ2009፣ በሰኔ ወር፣ አንድ ባቡር የቆመውን ሌላ ባቡር ገጭቶ 9 ሰዎች ሞቱ። የአደጋው መነሻ በሐዲዱ ላይ ባቡር መኖሩን የሚያስታውቀው የኤሌክትሪክ መሣሪያ መበላሸት ነበር። ይሁንና የፌዴራሉ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ያረጁት ፉርጎዎች እንዲወገዱ ወይም እንዲጠናከሩ በ2006 አሳስቦ ነበር። ባለሥልጣኑ ገንዘብ ለማግኘት ሲል ፉርጎዎቹን በኪራይ ውል አስሯቸው ስለ ነበር፣ እስከ 2014 መጨረሻ ሊያስወግዳቸው እንደማይችል መለሰ። ቦርዱም ፉርጎዎቹ አለመለወጣቸው የሰውን ጉዳት እንዳባባሰው በምርመራው አረጋገጠ።

በ2016 ደግሞ ባቡሩ በሙሉ ለምርመራ አንድ ቀን ቆመ፤ በዚያው ዓመት ዓርብና ቅዳሜ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ይሠራ የነበረው ባቡር ለጥገና ሲባል በ6 ሰዓት እንዲዘጋ ተወሰነ። በሆቴልና በምግብ ቤት አምሽቶ የሚሠራው፣ መኪናም የሌለው ሰው የሌሎችን ዕዳ ከፈለ ማለት ነው። በዚያ አካባቢ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንደሚኖሩ የታወቀ ስለ ሆነ ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ሦስቱ ተዋዋዮች ለዕድሳትና ለግንባታ በየዓመቱ 500 ሚሊዮን ዶላር ለይተው ለመስጠት በሕግ የወሰኑት በ2018፣ ማለት ባለሥልጣኑ ከተቋቋመ ከ51 ዓመት በኋላ ነው።

አትላንታ በሌላ መንገድ ሄዳለች። በ1971 ጉዳዩ ለሕዝብ ድምፅ ሲቀርብ፣ የፉልተንና የዲካልብ አውራጃዎች ከመቶ አንድ የሽያጭ ታክስ ለመክፈል ፈቀዱ፤ ክሌይተንና ግዊኔት እምቢ አሉ። በታክሱም ምክንያት የአውቶቡስ ዋጋ ከ40 ሳንቲም ወደ 15 ሳንቲም ወረደ። ባለሥልጣኑ ገቢው ከመጀመሪያው የታወቀ ሆነ ማለት ነው። እርግጥ የሽያጭ ታክስ ድሃውንም ሀብታሙንም በአንድ ልክ ስለሚያስከፍል በድሃው ላይ ይከብዳል። ከዚህም በላይ የታክሱ ድንበር የሐዲዱ ድንበር ሆኖ ቀረ። ለእምቢታው የዘር ጥላቻ ትልቅ ድርሻ እንደ ነበረው የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ክሌይተን ሐሳቡን ለውጦ የገባው በ2014 ሲሆን፣ ግዊኔት በ2019ም እንደገና እምቢ ብሏል። እንግዲህ የዋሽንግተኑ ሁሉን አቅፎ ከረጢት አጣ፤ የአትላንታው ከረጢት አግኝቶ ሁሉን ማቀፍ አቃተው።

በአገራችንም ቢሆን የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1951 ነው። በዋናነት ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ገንዘብ የመንገድ ጥገናን የሚደግፈው የመንገድ ፈንድ በአዋጅ የቆመው በ1997 ነው። በሁለቱ መካከል 46 ዓመት አለ።

ዛሬ በትምህርት ላይ ያሉ ወይም በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ነገ አዋጅ ያረቃሉ። በእኔ አስተያየት ማናቸውም የጋራ ባለሥልጣን ከመቋቋሙ በፊት በረቂቁ ላይ ሦስት ነገሮች ተጽፈው መገኘት አለባቸው። የመጀመሪያው የሠላሳ ዓመት የጥገና ሒሳብ፣ ሁለተኛው ለዚሁ በሕግ የተለየ ገቢ፣ ሦስተኛው ከተዋዋዮቹ አንዱ አልከፍልም ያለ እንደ ሆነ የሚደረገው ነው። እነዚህ ያልተጻፉበት አዋጅ ርካሽ መስሎ የሚታየው በተፈረመበት ቀን ብቻ ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራልና።