የወረፋው ጅራት የት ነው?

በቧንቧው ዙሪያ ጀሪካን ደርድረን ስንጠብቅ ወሬ አይጠፋንም። ሰሞኑን ደግሞ የእንግሊዞች ወረፋ ተነሥቶ ውኃው እስኪመጣ ሳቅን፤ ከሳቅን በኋላ ግን ነገሩ አላስተኛንምና ጻፍነው።

ንግሥት ኤልሳቤጥ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ሲሞቱ አስከሬናቸው ለንደን፣ ዌስትሚንስተር አዳራሽ ዐርፎ ነበር። ሊሰናበት የወጣው ሕዝብ 250 ሺህ ያህል ነው፤ ወረፋው በቴምዝ ወንዝ ዳር ተዘርግቶ አንዳንዱ 24 ሰዓት ያህል ቆሟል። መንግሥት የወረፋው ጅራት የት እንደደረሰ በኢንተርኔት በቀጥታ ያሳይ ነበር። ኳሱን የምናውቅለት ዴቪድ ቤክሃም እንኳ ከ12 ሰዓት በላይ ከሰው ጋር ቆሞ ገባ። ወረፋው ሞልቷል ተብሎ መግቢያው ሲዘጋስ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሄደ? የለም፤ ወረፋ ለመያዝ ሌላ ወረፋ ሠራ!

ዱላ ሳይነሣበት ሩብ ሚሊዮን ሰው ተራውን ሲጠብቅ ማክበር እንጂ መሳቅ አይገባም የሚል ወንድም አለን። ራሽን ሲታደል ያየ ሰው ይህን ቢል አይፈረድበትም። ሁለት የቴሌቪዥን ሰዎች ያለ ወረፋ ገቡ ተብሎ የተነሣው ቁጣም፣ ለሥራ ነው የገባነው ቢሉም አልበረደም፤ ከሥራ ይባረሩ ተብሎ ፊርማ ተሰበሰበባቸው።

ጠባችን እዚህ ላይ ይጀምራል። በጎማ ጀልባ ከፈረንሳይ ተሻግረው የሚገቡትን ስደተኞች፣ ከእነርሱም መካከል የእኛው ልጆች አሉ፣ ፖለቲከኞቻቸውና ጋዜጦቻቸው «ወረፋ ዘላዮች» ይሏቸዋል። ለመሆኑ የትኛውን ወረፋ? የእንግሊዝ ሕግ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው አገራቸው ምድር ላይ ቆሞ ይጠይቅ ይላል፤ ለመጠየቅ ልምጣ ለሚል ግን የሚሰጠው ቪዛ የለም። ኤምባሲያቸው በር ላይ ብንሰለፍ የሚታደለን ቅጽ የለም። በኮሚሽኑ በኩል ሦስተኛ አገር የሚደርሰው በዓለም ካለው ስደተኛ በዓመት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ እርሱም ቢሆን እኛ የምንይዘው ተራ ሳይሆን እነርሱ የሚጠሩት ስም ነው። ትናንት የመጣ ተጠርቶ ሲሄድ፣ ልጁን እዚህ ወልዶ የዳረ ሰው ሰሌዳውን አንብቦ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል። ለዩክሬኖች እ.ኤ.አ. በ2022 ጦርነቱ በተነሣ በሳምንታት ውስጥ በር ተከፈተ። ደግ ተደረገ፤ በሩ እንደሚከፈት ያወቅነውም ያን ጊዜ ነው።

ዘላዮቹን ለማስቆም ያመጡት መላ ደግሞ ከወረፋው ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ሩዋንዳ እንላካቸው አሉ። ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በኅዳር 2023 ሩዋንዳ ለዚህ አስተማማኝ አይደለችም ብሎ ፈረደ። ፓርላማው በሚያዝያ 2024 ምን አደረገ? ሩዋንዳ አስተማማኝ ናት የሚል ሕግ አወጣ! እኛም ድንኳናችን ሲያፈስ ተሰብስበን፣ እጅ አውጥተን፣ «አያፈስም» ብለን በድምፅ ብልጫ መወሰን እንችል ነበር፤ ብርድ ልብሱ ግን ውሳኔ አያነብም። አዲሱ መንግሥት ዕቅዱን ሰርዞ በሐምሌ 2024 ለፓርላማ ሲናገር፣ የወጣው ገንዘብ 700 ሚሊዮን ፓውንድ፣ የሄዱት ሰዎች 4 ሆነው ተገኙ፤ እነርሱም በፈቃዳቸው። ለአንድ ሰው 175 ሚሊዮን ማለት ነው። የሂሳብ መምህራችን የተሳሳቱ መስሏቸው ሦስት ጊዜ አካፈሉት።

እንግሊዝ ሞኝ ነው ብለው የሚያልፉ ከመካከላችን አሉ፤ አንስማማም። 24 ሰዓት ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ ወረፋ ምን እንደሆነ ከማንም ይበልጥ ያውቃል። የሌለ ወረፋ ሲጠሩለት ዝም ማለቱ ነው የከፋን። የንግሥቲቱን ወረፋ ጅራት በቀጥታ ያሳይ የነበረ መንግሥት የእኛንም ጅራቱን ያሳየን። ካርቱም ይሁን ሞያሌ ግድ የለንም፤ ጀሪካናችንን አስቀምጠን እንቆማለን።