ማስታወቂያው ታየ፤ ሰው ግን አየው?

በአገራችን ያሉ ባንኮች፣ የመጠጥ ፋብሪካዎችና የሪል ስቴት ኩባንያዎች ከማስታወቂያ ገንዘባቸው የተወሰነውን ወደ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ማዞር ከጀመሩ ሰነባብተዋል። ለሥራ አመራር ቦርድ የሚቀርበው ሪፖርትም በዚያው ልክ መልኩን ቀይሯል። ቀድሞ ‹‹ይህን ያህል ደቂቃ የአየር ሰዓት ገዛን›› ይባል ነበር። አሁን ‹‹ማስታወቂያችን ይህን ያህል ሚሊዮን ጊዜ ታየ፤ ይህን ያህል ላይክ አገኘ›› ይባላል። ቁጥሩ ትልቅ ነውና ቦርዱ ይደሰታል፤ የመጪው ዓመት በጀትም ይጸድቃል። ለመሆኑ ማስታወቂያው ባይኖር ኖሮ የማይመጣ ስንት ደንበኛ መጣ? ይህ ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሳ አይሰማም።

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ‹‹ዛሬውኑ ግዙ›› የሚለው ማስታወቂያ ነው፤ የበዓል ቅናሽና የአውሮፕላን ትኬት የመሳሰለው። ሁለተኛው የብራንድ ማስታወቂያ የሚባለው ነው። የዚህኛው ዋና ሥራ ዛሬ መሸጥ ሳይሆን፣ ከወራት በኋላ ደንበኛው ሱቅ በራፍ ላይ ሲቆም አንድ ስም ከአፉ እንዲወጣ ማድረግ ነው። እኛ አገር የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ሁሉ ‹‹ኦሞ››፣ የሕፃናት ዳይፐር ሁሉ ‹‹ፓምፐርስ››፣ የታሸገ ውኃ ፕላስቲክ ሁሉ ‹‹ሃይላንድ›› ሲባል ሰምተን አድገናል። ብራንድ ማለት ይኸው ነው። ኢንተርኔት የመጀመሪያውን ዓይነት ማስታወቂያ ውጤት በቀላሉ ይቆጥራል። በእኔ እምነት ችግሩ የሚጀምረው፣ ይህንኑ መቁጠሪያ ለሁለተኛው ስንጠቀምበት ነው።

የነገሩን አመጣጥ እንይ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1994 ሆትዋየርድ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ የኤቲ ኤንድ ቲን የባነር ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ ካዩት 100 ሰዎች 44ቱ ክሊክ እንዳደረጉበት ይነገራል። ነገሩ አዲስ ስለነበር ነው። ዛሬ ባነርን ክሊክ የሚያደርገው ከ100 ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ስለሆነም ሻጮቹ ከክሊክ ይልቅ ‹‹መታየት››ን መሸጥ ያዙ። የአሜሪካ ማስታወቂያ ኢንዱስትሪ በተስማማበት መመዘኛ መሠረት አንድ ባነር ‹‹ታየ›› የሚባለው ግማሽ አካሉ ለ1 ሰከንድ ስክሪን ላይ ሲውል ነው፤ ለቪዲዮ ደግሞ 2 ሰከንድ ይበቃል። እስቲ አንባቢ ሰዓቱን ይዞ አንድ ሰከንድ ይቁጠር። በዚያች ቅጽበት የባንክ ስም አእምሮ ውስጥ ይቀረጻልን?

ይህ ማስታወቂያው ለእውነተኛ ሰው ሲታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ዋይት ኦፕስ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ‹‹ሜትቦት›› የሚል ስም የሰጠውን የማጭበርበር ሥራ ይፋ አድርጎ ነበር። ኮምፒውተሮች ሰው መስለው የቪዲዮ ማስታወቂያ ‹‹ሲያዩ›› ይውላሉ፤ አጭበርባሪዎቹም በቀን ከ3 እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ያገኙ እንደነበር ኩባንያው ገምቷል። በዚያው ዓመት ፌስቡክ ሰዎች ቪዲዮ የሚያዩበትን አማካይ ጊዜ ለሁለት ዓመታት ያህል አጋንኖ ሲያሳይ መቆየቱን አምኗል። ከ3 ሰከንድ በታች ያዩትን ከስሌቱ አውጥቷቸው ነበር። ሻጩ ራሱ ሚዛኑን ሲይዝ ገዢው መጠራጠር ይገባዋል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን የኢቤይ ጉዳይ ነው። ኢቤይ በኢንተርኔት መፈለጊያዎች ላይ ስሙን ጽፈው ለሚፈልጉት ሰዎች ሳይቀር ማስታወቂያ ይከፍል ነበር። ብሌክ፣ ኖስኮና ታዴሊስ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ይህ ማስታወቂያ እንዲቋረጥ አድርገው ውጤቱን አጠኑ። ከጠፋው ክሊክ 99.5 በመቶው ያለ ክፍያ በሚገኘው የፍለጋ ውጤት በኩል ተመልሶ መጣ። ገንዘቡ የወጣው ኢቤይን እየፈለጉ ለመጡ ሰዎች ነበር። በእኛ አባባል ለቀባሪው ማርዳት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ይኸው ጥናት ስሙን ሳይጠቅሱ ዕቃ የሚፈልጉ ሰዎች ላይ ያነጣጠረውን ማስታወቂያም መርምሯል። ይህኛው አዲስ ደንበኞችንና ከስንት አንዴ የሚገዙትን ሲስብ፣ አብዛኛው ወጪ ግን የሚሄደው ያለ ማስታወቂያም ወደሚገዙት ነባር ደንበኞች ነበር። ስለዚህ ማስታወቂያ አይሠራም የሚል ድምዳሜ ስህተት ነው። የሚሠራው ገና በማያውቁን ሰዎች ዘንድ ነው።

ከዓለም ትልልቅ አስተዋዋቂዎች አንዱ የሆነው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልም እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢንተርኔት ማስታወቂያው ላይ 200 ሚሊዮን ዶላር ያህል ቀንሷል። የኩባንያው የብራንድ ኃላፊ ማርክ ፕሪቻርድ እንደገለጹት፣ የተቀነሰው ገንዘብ ወደ ሌሎች መንገዶች ሲዞር የደረሱት ሰው ብዛት በ10 በመቶ ጨምሯል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። የፌስቡክና የጎግል ማስታወቂያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ወደ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በሌላ አነጋገር ያቺው አንዲት ሰከንድ በብር ሲሰላ ዋጋዋ በእጥፍ ገደማ ጨመረ። መድኃኒትና መለዋወጫ ለማስገባት ወረፋ የሚጠበቅበትን ዶላር ማንም ላላየው ማስታወቂያ ማውጣት የኩባንያው ኪሳራ ብቻ አይደለም።

ሌላው ሥጋት መስመሩ ራሱ መዘጋቱ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተቋርጦ ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ቆይተዋል። ብቸኛ አድራሻው የፌስቡክ ገጹ የሆነ ነጋዴ በእነዚያ ወራት ሱቁ ተዘግቶበት ነበር ማለት ይቻላል።

ሆኖም ያ ጊዜ ለአስተዋዋቂዎች ያልተጠየቀ ፈተናም ነበር። ኢቤይ አስቦ ያደረገውን እኛ ሳንወድ አደረግነው። ቪፒኤን የሚጠቀሙትን ከግምት አስገብቶ፣ አንድ ኩባንያ የእነዚያን አምስት ወራት የሽያጭ መዝገብ ከቀደመው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ቢያስተያይ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ሽያጩ ፈቅ ካላለ ወጪውን ደግሞ ማየት ይገባዋል።

ይህን በጋዜጣ ላይ ስጽፍ ‹‹ገበያው ስለተወሰደባችሁ ነው›› የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፤ ጋዜጣም ሆነ ቴሌቪዥን ማስታወቂያቸው ያመጣውን ደንበኛ በትክክል ቆጥረው አያውቁም። ጥያቄው ለእኛም ይቀርብልን፤ መልሱን የሚያገኝበት መንገድም ቀላል ነው። ማስታወቂያውን በሐዋሳ ለሁለት ወር አቁሞ በባሕር ዳር መቀጠል፣ ከዚያም የሁለቱን ከተሞች የሽያጭ ለውጥ ማስተያየት ይቻላል። ከዘመቻው በፊትና በኋላ በታክሲ ሰልፍ ላይ ያሉ ጥቂት መቶ ሰዎችን ‹‹መጀመሪያ ትዝ የሚልዎት ባንክ የቱ ነው?›› ብሎ መጠየቅም ይቻላል። የሁለቱም ወጪ ለዘመቻው ከሚከፈለው እጅግ ያነሰ ነው።

የሥራ አመራር ቦርድ አባላትም በሚቀጥለው ስብሰባ ‹‹ስንት ጊዜ ታየ?›› የሚለውን ትተው ‹‹ባናስተዋውቅ ኖሮ ምን ይቀርብን ነበር?›› ብለው ቢጠይቁ መልካም ነው። የማስታወቂያ ክፍሉ መልስ ካለው በጀቱ ይጨመርለት። መልስ ከሌለው ግን የላይኩ ብዛት የኩባንያውን ገንዘብ አያስመልስም።

ቸር እንሰንብት!