ስሟን ሳይጠራ የሚከለክላት ደንብ

በር በሁለት ዐይነት ይዘጋል። አንደኛው በሩን ገጥሞ፤ «አትግቢ» ብሎ በግልጽ መከልከል ነው። ሁለተኛው ግን በሩን ክፍት አድርጎ፤ ልታገኘው የማትችለውን ነገር ጠርቶ፤ «ይህን ይዘሽ ስትመጪ ትገቢያለሽ» ማለት ነው። የፊተኛው ክልከላ ግልጽ ስለ ሆነ አቤት የሚል ሰው አይታጣበትም። የኋለኛው ግን የትክክለኛ ደንብ መልክ ይዞ ስለሚቀርብ፤ ከልካዩ ሕሊናው ሳይወቅሰው፤ የተከለከለችውም ጥፋቱ የራሷ እየመሰላት ብዙ ዘመን ይኖራል።

ዛሬ ለቤተ ሰብ አንባብያን ልንገልጽ ያሰብነው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ክልከላ ነው። ምስክር አድርገን የምናቀርበውም እጅግ የተራራቁ የሚመስሉትን ሁለት ሥራዎች፤ ይኸውም የጠፈርን ጕዞና የንግድን ሥራ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

የአሜሪካ መንግሥት ሰውን ወደ ጠፈር ለመላክ በተነሣ ጊዜ፤ በ1959 ዓ.ም. 7 ሰዎች መረጠ። ለመመረጥ ከሚጠየቀው ነገር ዋናው፤ የጦር ሠራዊት አብራሪ ሆኖ አዳዲስ የጄት አይሮፕላኖችን በመሞከር ሥራ የሠለጠነ መሆን ነበር። በዚያ ዘመን የአገሩ ጦር ሠራዊት ሴትን በጄት አብራሪነት አይቀበልም ነበርና፤ ደንቡ ሴትን ለመከልከል ስሟን መጥራት እንኳ አላስፈለገውም። ለመግባት ልምድ ይጠየቃል፤ ልምዱ የሚገኝበት ቤት ግን ለእርስዋ ዝግ ነው።

እነዚያን ሰዎች የመረመሩት ሐኪም ዶክቶር ራንዶልፍ ላቭሌስ ግን፤ የሴት ሰውነት ይህን ጕዞ ይችል እንደ ሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ስለዚህ በ1960 ዓ.ም. ጄሪ ኮብ የተባሉትን ወይዘሪት፤ በአልበከርኪ ከተማ ወዳለው ሐኪም ቤታቸው ጠርተው ወንዶቹ የተመረመሩትን ምርመራ መረመሯቸው። ምርመራው ቀላል አልነበረም። በጆሮ ውስጥ እጅግ የቀዘቀዘ ውሃ ይጨመራል፤ የጎማ ቧንቧ ይዋጣል፤ ጕልበት እስኪያልቅ ድረስ ብስክሌት ይረገጣል። ወይዘሪት ኮብ ይህን ሁሉ ችለው አለፉ። ከእርሳቸው በኋላም ሌሎች ሴቶች አብራሪዎች ተጠርተው፤ ፈተናውን ያለፉት ቍጥራቸው 13 ሆነ። ከእነዚህም አንዷ ወይዘሮ ጄኒ ሃርት የ8 ልጆች እናት ነበሩ። ሌላዪቱ ወይዘሪት ዋሊ ፈንክ፤ ድምፅና ብርሃን በሌለበት ስፍራ ለብ ባለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ መቈየትን በሚፈትነው ምርመራ ከ10 ሰዓት በላይ ታግሠዋል።

ነገር ግን ይህ ምርመራ የመንግሥት ሥራ አልነበረም። የሚቀጥለው ፈተና ሊደረግ ታስቦ የነበረው በፔንሳኮላ በሚገኘው የባሕር ኀይል ስፍራ ስለ ነበረ፤ ባሕር ኀይሉ ናሳ የተባለው የጠፈር መሥሪያ ቤት ካልጠየቀኝ መሣሪያዬን አላውስም አለ። መሥሪያ ቤቱም ስላልጠየቀ፤ በ1961 ዓ.ም. ፈተናው ሊደረግ ጥቂት ቀን ሲቀረው ተሰረዘ። በሐምሌ ወር 1962 ዓ.ም. ወይዘሪት ኮብና ወይዘሮ ሃርት በአገሩ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ጕባኤ ፊት ቀርበው አቤት አሉ። ወይዘሪት ኮብ በዚያን ጊዜ ከ10 ሺህ ሰዓት በላይ በአየር ላይ የበረሩ ነበሩ። የተሰጣቸው መልስ ግን ያው የፊተኛው ደንብ ነው፤ የጄት አይሮፕላን ሞካሪ ያልሆነ አይገባም ተባሉ። በዚያው ዓመት ምድርን በጠፈር የዞሩት ሌተና ኮሎኔል ጆን ግሌንም በጕባኤው ሲመሰክሩ፤ ሴቶች በዚህ ሥራ አለመገኘታቸው የአገሩ የኑሮ ሥርዓት ያመጣው ነገር ነው አሉ። ይህ ቃል እውነት ነበረ። ነገር ግን ሥርዓት ሰው የሠራው ነውና፤ ሰው ሊያሻሽለው ይችላል።

አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላ፤ ሰኔ 16 ቀን 1963 ዓ.ም. ወይዘሪት ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ከሶቪየት ኅብረት ተነሥተው ወደ ጠፈር ወጡ። አባታቸው በጦርነት የሞቱባቸው፤ እናታቸው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠርተው ያሳደጓቸው፤ ራሳቸውም በፋብሪካ ሠራተኛነት የኖሩ ነበሩ። የጄት አይሮፕላን ሞካሪ አልነበሩም፤ የሚያውቁት በጃንጥላ ከአይሮፕላን መዝለልን ነው። ይህም ሆኖ ምድርን 48 ጊዜ ዞረው፤ ወደ 3 ቀን ያህል በጠፈር ቈይተው በደኅና ተመለሱ። አሜሪካኖች ያለዚህ አይሆንም ያሉት ነገር፤ ያለዚያም እንደሚሆን በግብር ታየ። ነገር ግን ፍርዳችን እንዳያደላ ይህንም መጨመር ይገባናል፤ ከእርሳቸው በኋላ ሁለተኛዪቱ ሴት ስቬትላና ሳቪትስካያ ከዚያችው አገር ወደ ጠፈር የወጡት በ1982 ዓ.ም.፤ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። አንዲት ሴት ለክብር አሳልፎ በሩን መልሶ መግጠም፤ በሩን መክፈት አይባልም።

በአሜሪካ ደንቡ ከተሻሻለና የሳይንስ ሊቃውንት ሁሉ እንዲወዳደሩ ከተፈቀደ በኋላ፤ ከ8 ሺህ በላይ ሰዎች አመልክተው፤ በ1978 ዓ.ም. 35 ሲመረጡ ከእነርሱ መካከል 6ቱ ሴቶች ሆኑ። ከ6ቱ አንዷ ዶክቶር ሳሊ ራይድ፤ የተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አይተው ያመለከቱ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። ሰኔ 18 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ከመውጣታቸው በፊት አንድ ጋዜጠኛ፤ ሥራ ሲበላሽብዎ ያለቅሳሉን? ብሎ ጠየቃቸው። እርሳቸውም ይህን ጥያቄ ለወንዱ ባልደረባዬ የሚያቀርብለት ለምን ጠፋ? ሲሉ በሣቅ መለሱለት። አንባብያን ሆይ፤ ሴት ልጅ በሩን አልፋ ከገባች በኋላም ለወንድ የማይቀርብ ጥያቄ ተከትሏት እንደሚገባ ከዚህ እንረዳለን።

ይህ ነገር የሰማይ ጕዳይ ብቻ እንዳይመስል፤ አሁን ወደ ምድር፤ ወደ ገበያውና ወደ ባንኩ እንመለስ።

ንግድ የሚጀመረው በመነሻ ገንዘብ ነው። መነሻው ገንዘብ በቍጠባ ካልተገኘ ከብድር ይገኛል። ብድርም መያዣ ይጠይቃል፤ መያዣ የሚሆነው ቤትና መሬት ደግሞ በብዙ አገር በባል ወይም በአባት ስም የተጻፈ ነው። አበዳሪው «ለሴት አላበድርም» አይልም፤ «መያዣ አምጪ፤ የባልሽን ፊርማ አምጪ» ይላል። ይህም ያው የጄት አይሮፕላኑ ደንብ ነው። በአሜሪካ በጾታና በጋብቻ ምክንያት ብድር መከልከል እንዳይቻል ሕግ የወጣው በ1974 ዓ.ም. ነው። ስለ ንግድ ብድር የተሰጠው ጥበቃ የጐደለ ስለ ነበረ፤ ይህን የሚሞላ ሌላ ሕግ በ1988 ዓ.ም. ወጣ። ይህም ዶክቶር ራይድ ከጠፈር ከተመለሱ ከ5 ዓመት በኋላ መሆኑን ማስተዋል ነው፤ ሴት ከሰማይ ደርሳ ስትመለስ የባንኩ ደጃፍ ገና ተስተካክሎ አላለቀም ነበር።

በእኛም አገር ነገሩ እንግዳ አይደለም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት፤ ያ የባንክ ፊርማ በአማርኛ ሲነገር ማለት ነው። ሴቲቱ ማወቋን አይክድም፤ ዕውቀቷ ግን ያለ ወንድ ማኅተም አይጸናም ይላል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተ ሰቡ ራስ አድርጎ ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን፤ ባልና ሚስት በቤታቸው አስተዳደር እኩል መብት እንዲኖራቸው፤ የጋራ የሆነውንም ቤት ለመሸጥ የሁለቱ ስምምነት እንዲያስፈልግ አድርጓል። ሕጉ ተረቱን ቀድሞታል። ተረቱ ግን ከመዝገብ ሲፋቅ በቤት ውስጥ ይቀራልና፤ ከዚያ የሚያወጣው የቤተ ሰቡ ፈቃድ ብቻ ነው።

በሩ የተከፈተላት ሴት ምን እንደምትሠራ ለማየት ወይዘሮ አኑሼህ አንሳሪን እንመልከት። በ1966 ዓ.ም. በኢራን አገር በመሽሐድ ከተማ ተወልደው፤ በጕብዝና ዕድሜያቸው የእንግሊዝን ቋንቋ ሳያውቁ ወደ አሜሪካ ገቡ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስነት ትምህርት ተምረው በስልክ ኩባንያ ተቀጠሩ። በ1993 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከባለቤታቸው ወንድም ጋር ተማክረው፤ ያጠራቀሙትን ገንዘብ አውጥተው የራሳቸውን የቴሌኮም ኩባንያ አቋቋሙ። ከንግዱ ካገኙት ሀብት ቤተ ሰቡ የረዳው፤ በስማቸውም የተጠራው የ10 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት፤ በመንግሥት ሳይሆን በግል ገንዘብ ተሠርታ ሰው ይዛ ጠፈር ለደረሰች መንኰራኵር በ2004 ዓ.ም. ተሰጠ። በመስከረም ወር 2006 ዓ.ም. ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ የተመኙትን ጕዞ በራሳቸው ገንዘብ ፈጽመው፤ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተቀምጠው ተመለሱ። በዚህ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን፤ ንግዱ የተጀመረው በባልና በሚስት ምክር መሆኑን ነው። የሴት እኩልነት የቤት ጠብ አይደለም፤ ሁለት በሬ ጠምዶ ማረስ ነው እንጂ። በአንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ ሌላውን በረት ዘግቶበት ሲያበቃ፤ እርሻዬ አልሰፋም ብሎ ሊያማርር አይገባውም። ዶክቶር ራይድም በ2001 ዓ.ም. ከባልንጀሮቻቸው ጋር የራሳቸውን ኩባንያ አቋቁመው፤ ልጆችን፤ ይልቁንም ሴቶች ልጆችን ወደ ሳይንስ የሚስብ የትምህርት ሥራ ሲሠሩ ኖረው በ2012 ዓ.ም. ዐረፉ።

ከ13ቱ ሴቶች ግን የብዙዎቹ ነገር ያሳዝናል። ወይዘሪት ጄሪ ኮብ ያን ሁሉ ፈተና አልፈው ጠፈርን ሳያዩ በ2019 ዓ.ም. ሞቱ። ወይዘሪት ዋሊ ፈንክ ብቻ፤ የግል የንግድ ኩባንያ በሠራት መንኰራኵር ተጋብዘው፤ ሐምሌ 20 ቀን 2021 ዓ.ም. ለ10 ደቂቃ ያህል ወጥተው ተመለሱ። ፈተናውን ያለፉት ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነበር፤ ሲሳካላቸው ግን ዕድሜያቸው 82 ዓመት ሆኖ ነበር። በመካከሉ ያለፈው 60 ዓመት የማን ኪሣራ ነው? የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ዕውቀት ያላትን ሰው በደጅ ያቆመ አገር ሁሉ በራሱ ገንዘብ የከሰረ ነጋዴ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሲሰሙ፤ «ታዲያ ለሴት ተብሎ ፈተና ይቅለል ወይ?» ይላሉ። እኛ እንዲህ አንልም። 13ቱ ሴቶች የተፈተኑት ወንዶቹ በተፈተኑበት ነው፤ ቀዝቃዛውም ውሃ በእነርሱ ጆሮ ሲጨመር አልሞቀም። የምንለው ፈተናው ይቅለል ሳይሆን፤ ወደ ፈተናው የሚወስደው መንገድ አንድ ይሁን ነው።

እንግዲህ በየቤታችን ያለውን ደንብ እንመርምር። ወንድ ልጅና ሴት ልጅ በአንድ ትምህርት ቤት፤ በአንድ መምህር ፊት ይቀመጣሉ፤ ፈተናውም አንድ ነው። ማታ ግን እርሱ መጽሐፉን ዘርግቶ ሲያነብ እርስዋ ውሃ ትቀዳለች፤ ሽንኵርት ትከትፋለች፤ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ መጽሐፏን የምትገልጠው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ቍጥሯ ሲያንስ አባቷ፤ «እኔ አልከለከልኋት፤ እርስዋ ደከመች» ይላል። በእውነትም በአፉ አልከለከላትም። የቤቱ ደንብ ግን ስሟን ሳይጠራ ከልክሏታል። ሥራውን ለወንዱም ለሴቲቱም በሰዓት አካፍሎ መስጠት ለአባትና ለእናት ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ነው።

እንዲሁም ሚስቱ በሱቁ ቆማ ስትሸጥ የምትውል፤ ሒሳቡንም በቃሏ የምታውቅ ባል፤ የንግዱ ፈቃድና የባንኩ ደብተር በእርሱ ስም ብቻ ተጽፎ እንደ ሆነ ይመልከት። እርሱ አንድ ነገር ቢሆን ዕውቀቱ ያላት እርስዋ ስትሆን፤ ስም ስለሌላት ከገዛ ሱቋ ደጃፍ የሰው ፊርማ ስትለምን ትገኛለች። ስሟን ከስሙ አጠገብ ማስጻፍ ፍቅርን አያጐድልም፤ ለልጆቹም ዋስትና ነው። እናት ደግሞ ልጇን ከወጥ አሠራር ጋር የዕቁብ ሒሳብ አያያዝን ታስተምራት፤ ትንሽም ብትሆን የራሷ የሆነች ገንዘብ ሰጥታ፤ አትርፋም ከስራም እንድታየው ትተዋት። ነጋዴነት የሚለመደው ከመጀመሪያዪቱ ትንሽ ኪሣራ ነው፤ ይህችም ኪሣራ በእናት ቤት ብትደርስ ይሻላል።

አገራችን በታኅሣሥ 20 ቀን 2019 ዓ.ም. ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል የሆነች የመጀመሪያዪቱን ሳተላይት በቻይና አገር ከምድር አስነሥታለች። ስለዚህ ጠፈር የሌሎች ሕዝቦች ወሬ ብቻ ሆኖ መቅረቱ አብቅቷል። የነገዪቱ መሐንዲስ ወይም ባለ ኩባንያ ምናልባት ዛሬ ማታ በአንዱ አንባቢያችን ቤት እንስራ ተሸክማ ትገባ ይሆናል። እንስራውን ከትከሻዋ ተቀብሎ መጽሐፏን በእጇ የሚሰጣት ሰው ማን እንደሚሆን፤ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በገዛ ቤቱ ይወስን።